ከማሩላው ሥር ያለው ብረት

ለውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ደረትህስ ተሻለህ? ባለፈው የብርድ ወራት በስልክ ስታስል ሰምቼህ፣ ያ ሳል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ባለቤትህ ደኅና ናት? ልጆቹስ? ትልቁ የእማን ግንባር ይዞ ነው የወጣው ይላሉ ያዩት ሰዎች። እኔ አላየሁትም፤ ማየት ብመኝም የማን ጥፋት እንደሆነ አንተው ታውቃለህ፣ አሁን አልጨቀጭቅህም።

ከብቶቹ ደኅና ናቸው። ዝናቡም ዘንድሮ አልከፋም፣ በቆሎው ወገብ ደርሷል። እኔም ጉልበቴ አለ። እማ ግን ታማለች። ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፍ እንደሚያደርገው ክፉውን ወደ መጨረሻ ልገፋው አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እግሯ አብጧል። በሁለት ትራስ ካልተደገፈች ትንፋሽ ያጥራታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ትሂድ ብላ ጽፋላታለች፤ ልቧ ነው ይላሉ፣ ቶሎ ከታየች ይረዳታል ይላሉ። እሷ ግን አልሄድም ብላ ቁጭ ብላለች። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። ይህን ወረቀት የማበላሸውም ለዚሁ ነው፤ እንድትመጣ ነው።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ስለ እማ ስጀምር «እሺ እህቴ፣ መልሼ እደውላለሁ» ትላለህ፣ መልሰህም አትደውልም። ወረቀት እንዲህ አይዘጋም ብዬ ነው። የሚያደርስልህ የሚኒባሱ ሹፌር ነው፤ እጅህ ላይ ካላስቀመጠው እኛ ሰፈር ዳግመኛ የዶሮ እግር እንዳይቀምስ አስምዬዋለሁ።

አሁን ስማኝ። አጥሩ እየተነቀለ ነው።

የትኛው አጥር ብለህ እንደማትጠይቀኝ አውቃለሁ። እኔና አንተ በልጅነታችን አንድ አጥር ብቻ ነው የምናውቀው፤ ከኮረብታው እስከ ወንዙ የወረደው፣ ከብቶቻችንን ከውኃው፣ እኛን ከአስፋልቱ የለየው የእርሻው አጥር። የመሬቱ ክርክር አልቆ መሬቱ ለእኛ ተመለሰ። የእርሻው ባለቤት የነበረው ነጩም ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ከሁሉ በፊት አጥሩ ይውጣ፣ ከብቱ ውኃ ያግኝ አሉ፤ ሥራውም ለሰፈሩ ሰው ተሰጠ። ለወንዶች ነው ሲባል ሰማሁና ሄጄ ተሰለፍኩ። አለቃው ዝዌላኬ ነው፣ ያ የመምህሩ ልጅ፣ አሁን ጢም አውጥቷል። «አንቺስ ይቅርብሽ፣ ወገብሽ ይቀጫል» አለኝ በሰው ፊት። «ይህ ወገብ አንተን አዝሎ ወንዝ ሲሻገር አልተቀጨም» አልኩት። ሰዉ ሲስቅበት ቶሎ ብሎ ስሜን ጻፈ።

ሥራው እንደሚመስለው አይደለም። መጀመሪያ ሽቦው ነው። ማሰሪያውን በፒንሳ እያላላን እንጠቀልለዋለን እንጂ አንቆራርጠውም፤ ቁራጩ ሣር ውስጥ ከቀረ ላም ትውጠዋለች። ከዚያ ብረቶቹ ይመጣሉ። በዲጂኖ ዙሪያውን ትነካካለህ፣ ውኃ ታጠጣለህ፣ አፈሩ እስኪጠጣ ትተኸው ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። ስትመለስ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሆኖ ወዲህና ወዲያ ይወዘውዘዋል። ከዚያ ሰንሰለቱን ዝቅ አድርገህ ትጠመጥምና በጭነት መኪና ክሪክ ወደ ላይ ትገፋዋለህ። መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ እንደ ጥርስ ይወጣል። የገረመኝ ነገር፣ መሬት ውስጥ የነበረው ጫፉ ብዙም አልዛገም። ዝገቱ የበላው አፈሩና አየሩ የሚገናኙበትን ወገቡን ነው። ስለዚህ ሳትጠነቀቅ ብትገፋው እዚያው ላይ ይሰበርና ሥሩ ይቀራል። ያ ሲሆን ዝዌላኬ ይሳደባል፣ እኛም እንቆፍራለን። ብረቱ ሲወጣ ጉድጓዱ ወዲያው ይሞላል፣ በእግር ይረገጣል። ይህ ደንብ ነው፤ ላም እግሯን እንዳትሰብር።

እማ የሰንሰለቱን ድምፅ የሰማች ቀን «ምንድን ነው የሚጮኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በማግስቱ የላስቲክ ወንበሯን አስይዛኝ፣ ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣ በዚያ በሚያብጥ እግሯ እያረፈች እያረፈች መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቀረችም። እኛ ወደ ፊት ስንሄድ ወንበሯም አብሮን ይሄዳል። ልጆቹ ተቆጣጣሪያችን እያሉ ይጠሯታል። በጎሳ ስሟ «ማጉሜዴ፣ ዛሬ ሥራችን እንዴት ነው?» ሲሏት «ሰነፎች ናችሁ» ትላቸዋለች። ከዚያ ውጪ አትናገርም። ጠዋት ጠዋት ግን ዝዌላኬን አንድ ነገር ትጠይቀዋለች፤ «ማሩላው ጋ መቼ ትደርሳላችሁ?» ያን አጥሩ ዳር ያለውን ትልቅ የማሩላ ዛፍ ማለቷ ነው።

እኔም ተይ እንሂድ፣ መኪናው አለ፣ ሆስፒታሉ ይጠብቅሻል ብዬ ለመንኳት። ተቆጣሁ፤ አለቀስኩ። «ከማሩላው ሥር ያለው ብረት ሲወጣ እሄዳለሁ» አለችኝ። ከእሷ ሌላ ቃል አላገኘሁም።

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ደብዳቤውን አጥፈህ ኪስህ ልትከተው እንደምትፈልግ አውቃለሁ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው። አሁን የምታውቀውን ነው መልሼ የምነግርህ፤ ግን አንተ ከመንገዱ ሆነህ አየኸው፣ እኔ ደግሞ ከቤት ሆኜ።

አባባ በማዕድኑ ጉድጓድ ድንጋይ ተጭኖት ሲሞት ሬሳው አልወጣም። ከዚያ ጥልቀት ማንም አያወጣውም ብለው ጻፉልን። አጎታችን ከበረቱ ኋላ ካለው ቁርቁራ ቅርንጫፍ ቆርጦ የአባባን ኮት ጨምሮ ሰጠህ። ያን ጊዜ ጢም እንኳ አላበቀልክም። «እሱ በሞተበት ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመህ በስሙ ጥራው፤ ቅርንጫፉ ላይ ይቀመጣል» አለህ። «በመንገድህ ሁሉ ከእሱ ጋር ብቻ ተነጋገር። ወንዝ ስትሻገር ወንዝ ነው በለው፣ መኪና ስትገቡ መኪና ነው በለው፣ በር ሲኖር በር ነው በለው። ሕያው የሆነ ሰው ቢያናግርህ ግን አፍህን አትክፈት። ከከፈትክ ይቀራል።» አንተም እሺ ብለህ ሄድክ። በሚኒባሱ ውስጥ ለእሱም ወንበር ይዘህ፣ ሰው ሁሉ እያየህ፣ በኮት ለተጠቀለለ ቅርንጫፍ ድልድዩን እየነገርክ እንደመጣህ ከሹፌሩ ሰምተናል።

ቤት ውስጥ እማ በሐዘን ብርድ ልብሷ ከበሩ ኋላ ሰሌን ላይ ተቀምጣለች። ቅርንጫፉ ቤት ገብቶ እስኪያርፍ ድረስ ባልቴት ከዚያ ሰሌን አትነሣም፣ ደጅ አትወጣም፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። እኔ ለመጣው ሰው ሁሉ ውኃ ስቀዳ ከሰዓት በኋላ ቤት አልነበርኩም። ስመለስ እማ ሰሌኗ ላይ ነበረች፤ ትንሽ ቆይቶ አንተ ኮቱን ታቅፈህ ገባህ። ፍየሉ ታረደ፤ ቅርንጫፉም በአባባ ፈንታ ተቀበረ። ያለቀ መስሎን ነበር።

ከዚያ እርጉዟ ላም ሞተች። መብረቅ የጎተራውን ክዳን በላው። እኔም ተመልሼ መጣሁ፤ ባሌ ልጅ አልወለደችም ብሎ ከነሻንጣዬ ሸኘኝ። አጎታችን ሰው ሰብስቦ አባባን በስሙ ጠርቶ «ንያዎ ቤት አልገባም፤ መንገድ ላይ አፉን የከፈተ አለ» አለና ዞር ብሎ አንተን አየህ። ሁላችንም አየንህ፤ እኔም ጭምር። አንተ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። እማ ብቻ «ልጄን ተዉት፣ ያስቀረው አጥሩ ነው፣ ያ የነጩ ብረት ነው» ብላ ጮኸች። አጎታችንም «ብረት የነገሩትን ሙት አያስቀርም» አላት። አንተም ሳይነጋ ሄድክ።

ተቀይሜህ ነበር፤ ልደብቅህ አልችልም። ብርድ ልብስ ትልካለህ፣ መድኃኒት ትልካለህ፣ የጣራውን ቆርቆሮ የላክኸው አንተ ነህ። እግርህን ግን አልላክህም። እማ ስትታመም ብቻዬን አስታመምኩ፣ የአጎታችንን ፊት ብቻዬን አየሁ። አንዳንዴ ደግሞ እውነት አፉን ከፍቶ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ያኔ የላሟም የትዳሬም ነገር ወደ አንተ ይዞርብኝ ነበር። እንዲህ ነበር የኖርኩት።

ወደ ብረቱ ልመለስ። ማሩላው ጋ ስንደርስ ያጋጠመን ቀጭኑ ብረት አይደለም፤ ሽቦው ሁሉ የሚወጠርበት የባቡር ሐዲድ ብረት ነው፣ ሥሩ በሲሚንቶ የተሞላ። ውኃ አጠጣነው፣ አልተነቃነቀም። ሰንሰለቱን ጠመጠምን፣ ክሪኩ ረጥቦ በቆየው አፈር ውስጥ ሰመጠ። ሳንቃ አነጠፍንለትና ደግመን ገፋን፣ ሰንሰለቱ ተበጥሶ በዝዌላኬ ጆሮ በኩል አለፈ። ተርፎ ሲያበቃ «በቃ! በመጋዝ ከመሬት እኩል ቆርጠን እንለፈው፤ ለአንድ ብረት ጭንቅላቴን አልሰጥም» አለ። እውነቱን ነው።

እማ ከወንበሯ ተነሣች። «ከቆረጥከው አጥሩ አልወጣም» አለችው።

«ማጉሜዴ፣ ከመሬት በታች የቀረ ብረት ማንን ይከለክላል?»

«የሚከለክለውን አንተ አታውቀውም» አለችው፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

የሰፈሩ ሰው ታሪኩን ያውቃል፤ የማያውቅ ቢኖር ባባ ዶንዳ ናቸው።

ባባ ዶንዳን ታስታውሳቸዋለህ፤ የእርሻው ዘበኛ። ፉጨታቸውን ስንሰማ እበት ላይ ተንሸራተን የምንሸሻቸው፣ ያ ቡናማ ውሻ ያላቸው። አሁን ጥርሳቸው አልቋል። ነጩ ሲሄድ የሚሄዱበት ስላልነበራቸው እዚሁ ቀሩ፣ ከእኛ ጋርም እሳት እያነደዱና ዶማ እየሳሉ ይሠራሉ። ልጆቹ «ባባ ዶንዳ፣ የጠበቁትን አጥር ራስዎ ይንቀሉ» እያሉ ያበሽቋቸዋል። እሳቸውም «ለጥበቃው ውሻው ከእኔ የተሻለ ይበላ ነበር፣ እሱን ጥሩና ይንቀል» ይላሉ። ከዚህ ያለፈ ጨዋታ ግን ከእኛ ጋር ኖሯቸው አያውቅም። ምሳ ሲበላ እንኳ ለብቻቸው ነው የሚቀመጡት።

ያን ቀን ግን ከእሳቱ ተነሥተው መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ብረቱን በመዳፋቸው ነኩት፣ ከዚያ እማ ፊት ቁጢጥ አሉ። «ማጉሜዴ፣ እዚህ ጋ ስላሳለፍኩት ልጅዎ ነው እንዴ የሚያወሩት?» አሏት።

መልሷን ሳይጠብቁ ለእሷም ለእኛም እንዲሰማ ተናገሩ። የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ።

«ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ጎረምሳ በኮት የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ከአስፋልቱ በኩል በእርሻው ውስጥ መጣ። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ትልቁ ቤት ነው፤ በዚያ ሳምንት ሽቦ ተሰርቆ ማንም እንዳያልፍ ተብያለሁ። ምን ይዘሃል አልኩት። ዝም። ሌባ ነው አልኩ። አጥር አጥሩን ሲሄድ ውሻውን ይዤ ከኋላው ተከተልኩት። እዚህ ሲደርስ በሽቦው ሥር ሊሾልክ ጎንበስ አለ። የያዝከውን ካልነገርከኝ ውሻውን እለቅብሃለሁ አልኩት። ለቀቅ አድርጌ አስጮኽኩበትም። ያን ጊዜ ኮቱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጣብቆ ዞረና አየኝ። እንባው አገጩ ላይ ነው። ‹አባቴን ነው› አለኝ።»

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ መሬት ተቀመጥኩ።

«እኔም የሰው ልጅ ነኝ፤ ምን እንደያዘ ገባኝ። የማን ቤት ሐዘን ላይ እንደነበረ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ውሻውን እዚያ ብረት ላይ አሰርኩት። የታችኛውን ሽቦ በጫማዬ ረግጬ መካከለኛውን በእጄ ወደ ላይ ያዝኩለት። ልጁ አጥሩን ለአባቱ ሊነግር ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፁ ግን አልወጣ አለው። እኔ ነኝ ያስደነገጥኩት፤ ስለዚህ እኔ ነገርኩለት። ኮፍያዬን አውልቄ ‹ንያዎ ሆይ፣ እዚህ ሽቦ አለ። ልጅህ ይዞሃል። ጎንበስ በል። ይኸው አለፍክ› አልኩት።» መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩን፤ ሽቦው የቆረጣቸው ጠባሳ አሁንም አለ።

ዝዌላኬ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ሳይናገሩ ቀሩ?» አላቸው።

«ለማን? የነጩን ዘበኛ ከእናንተ ማን ቤቱ ጠርቶ ያውቃል? ልጁ አለፈ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እማን ሳይሆን ብረቱን እያዩ፣ «ከአጥሩ ወዲህ አንዲት ሴት ነበረች» አሉ። «ከማሩላው ግንድ ኋላ፣ የሐዘን ብርድ ልብስ ለብሳ። ልጁ አላያትም። እንዳያያትም፣ እንዳያናግራትም ይመስለኛል ግንዱን ጥብቅ አድርጋ የያዘችው። እኔም እንዳላየኋት ሆንኩ።»

በዚያ ሳምንት ሐዘን የተቀመጠው አንድ ቤት ብቻ ነበር።

እማ «ጎንበስ በል አሉት?» አለቻቸው።

«አልኩት።»

«ሰማዎት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ማጉሜዴ። ሽቦው ሳይነካው አለፈ።»

«አዎ፣ ኮቱ አልተነካም» አለች እማ። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ብርድ ልብሷን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

መጋዝ ያነሣ አልነበረም። ዝዌላኬ ራሱ ሸሚዙን አውልቆ ዲጂኖውን ያዘ። ዙሪያውን ቆፈርን፣ ሲሚንቶውን በመዶሻ ፈለጥን፣ አፈሩን በእጅ ዛቅን። ከዚያ ብረቱን አቅፈን ሁላችንም ወደ አንድ ጎን፣ ሁላችንም ወደ ሌላ ጎን። ባባ ዶንዳም ከእኔ ጎን ሆነው በዚያች ጠባሳ ባለባት መዳፍ ይገፉ ነበር፤ ይተዉት ብንላቸው አልሰሙንም። ፀሐይ ኮረብታው ላይ ስትደርስ ወጣ። ሌላ ጊዜ ትልቅ ብረት ሲወጣ እንጨፍራለን። ያን ጊዜ ግን ዝም ብለን ሣሩ ላይ አስተኛነው።

ዝዌላኬ አካፋ አንሥቶ ሊሞላ ሲል እማ «ተው» አለችው። «ይህን የሚሞላው በሥሩ ያለፈው ነው።»

«ማጉሜዴ፣ ደንቡን ያውቃሉ፣ ላም ትገባበታለች።»

«ላሞቹን እኔ እጠብቃለሁ» አለችው።

እኔ ተናደድኩ። «ብረቱ ሲወጣ እሄዳለሁ ብለሽኝ ነበር፣ ይኸው ወጣ፣ ነገ መኪና እጠራለሁ» አልኳት። «ብረቱ ወጥቷል፤ ጉድጓዱ አልሞላም» አለችኝ። ምን ልበላት? ቁርቁራ ቆርጬ ጉድጓዱን አጠርኩላት። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሯን እዚያ አድርጋ ፊቷን ወደ አስፋልቱ መልሳ ትውላለች። ከብቶቹ በጎኗ አልፈው ወንዝ ይወርዳሉ፤ በዱላዋ ታባርራቸዋለች። ትንፋሿ ግን ከቀን ወደ ቀን እያጠረ ነው። ነርሷ ትናንት እዚያው ጉድጓዱ ጋ መጥታ ደረቷን አዳምጣ፣ ወደ ጎን ጠርታኝ የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። አትዘግይ ብቻ ነው የምልህ።

አጎታችን ሲሰማ በምርኩዙ መጣ። ባባ ዶንዳን አስቀምጦ እንደ አዲስ አስነገራቸው። ሲጨርሱ «እንግዲያ ገብቷል። የነገረው አፍ የማንም ይሁን፣ ከተነገረው ገብቷል» አለ። «ልጁን ያኔ…» ብሎ ጀመረና ተወው። አጎታችን ይቅርታ የሚሉት ቃል አፉ ላይ እንደማይመጣለት ታውቃለህ። ግን ለባባ ዶንዳ የማሽላውን ጠላ በራሱ እጅ ቀዳላቸው፤ እሱ ለሰው ሲቀዳ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ባባ ዶንዳ ምሳቸውን ከእኛ ጋር ነው የሚበሉት፣ እርጎውንም እየጨረሱብን ነው።

አሁን የእኔን ልበልህ። አንተ «አባቴን ነው» ብለሃል። ይህቺን ቃል ይዘህ ነው ከቤትህ የሸሸኸው፣ ላሟንም መብረቁንም የእኔንም ትዳር ተሸክመህ። ውሻ እየጮኸብህ፣ ያን ያህል ልጅ ሆነህ፣ የያዝከውን ማን እንደሆነ ተናገርክ። ኮቱን ጥለህ አልሮጥክም። ሌባ ነህ ሲሉህ የአባትህ ልጅ ነኝ አልክ። እኔ የወግ አዋቂ አይደለሁም፤ ግን አባባ ይህን ሰምቶ የሚቀር ሰው አልነበረም። ባሌም ያባረረኝ ባለጌ ስለነበረ ነው፤ አንተ ምንም አላደረግክም። ያን ጊዜ ከሌሎቹ ጋር አብሬ ስላየሁህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላም አንድ ነገር አስታውሻለሁ። አንተ ቅርንጫፉን ይዘህ በገባህበት ምሽት እማን ለማጠብ ብርድ ልብሷን ሳነሣ ጠርዙ ላይ ጭጎጎት ተጣብቆበት ነበር፤ እዚያ አጥሩ ጋ ካልሆነ ሰፈራችን ውስጥ የማይበቅለው። አንድ በአንድ ለቀምኩት። ሰው በዝቶ ነበር፣ አልጠየቅኳትም። አሁንም አልጠየቅኳትም። አንተም ስትመጣ አትጠይቃት።

ይህን ጽፌ ጨርሼ ልማዴ ስለሆነ ለእማ አነበብኩላት። ስለ ብርድ ልብሱና ስለ ጭጎጎቱ ያለው ላይ ስደርስ ድምፄን ቀነስኩ፤ ላልፈው አስቤ ነበር፣ ግን አነበብኩት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሰማችኝ። «ላጥፋው?» አልኳት። «ተይው፣ ይወቀው» አለች። ደግሞ ቆይታ ወፍሯል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

እንግዲህ ወንድሜ፣ አባባ ከፊትህ ይሁን። አያቶቻችን መንገድህን ያቅኑልህ። የልጆችህን እጅ ይዘህ፣ በደኅና፣ በጊዜ ያምጣህ። አካፋው ማሩላው ላይ ተደግፎ ይጠብቅሃል።

የምትወድህና የተቀየመችህ፣
ታላቅ እህትህ

ወረቀቱን ሳጥፍ እማ ጠራችኝና ይህን ጨምሪበት አለችኝ፤ «አሁን ሽቦ የለም በይው። ጎንበስ ሳይል ይምጣ።»